ቁስሉ ሳይድን የተፈረመ ወረቀት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ከእኔ በፊት የቆሙት ጓደኞቼ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ተናግረዋል። አንዱ ስለ ልማት፥ አንዱ ስለ ትምህርት፥ አንዷም ስለ ሥነ ጽሑፍ አስደስተውናል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ርእሱ ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ፤ በዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ምክንያት አንድ ገበሬ ከእርሻው ተለይቷልና። ወረቀቱን የጻፍሁትም እኔ ነኝ።

አገሬ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ በዚያ ይገኛል። የቅኔ አገር ሰው ለቃል ያለው አክብሮት ታላቅ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲባል እየሰማን አድገናል። ስለዚህም በአገራችን አንድ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ካሳረፈ በኋላ «አላወቅሁም ነበር» ብሎ መመለስን እንደ ነውር ይቈጥረዋል።

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። አያ እያልን የምንጠራቸው የእናቴ ወንድም በአንድ የገበያ ቀን አህያቸውን ጭነው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ ከኋላ የመጣ የጭነት አይሱዙ መታቸው። አህያዪቱ እዚያው ሞተች፤ አያም ጭናቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ተወስደው ተጠግነው፥ እግራቸው እንደ ታሰረ ወደ ቤት ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት የመኪናው ባለቤት ሽማግሎች ልኮ መጣ። ስኳር ይዘዋል፥ በግ ይዘዋል፥ 15,000 ብርም ይዘዋል። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤ አልቅሶ እግር ሥር ወደቀ። አያም አነሡት። «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። እስከዚህ ድረስ የሆነው ሁሉ ያማረ ነው፤ ዛሬም ብሆን አንድም ቃል አላወጣበትም።

ከዚያ በኋላ ግን «ነገሩ በጽሑፍ ይሁን» ተባለ። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ልጅ ሲፈለግ እኔ ተጠራሁ። ከሽማግሎቹ ጋራ የመጣ አንድ ዐዋቂ ሰው ቃሉን እየነገረኝ ጻፍሁ፦ «ስለ ደረሰብኝ ጉዳት ሙሉ ካሣዬን የተቀበልሁ ስለ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ነገር ምክንያት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም»። ጽፌ ስጨርስ ጮኬ አነበብሁት። ሽማግሎቹ «ተባረክ» አሉኝ። እኔም ኰራሁ። አያ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

በአራተኛው ወር አጥንቱ ተጣሞ መግጠሙ ታወቀ። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለገ። 15,000 ብሩ ለዚያ አልበቃም፤ አንድ በሬ ተሸጠ፥ ቀጥሎም ሁለተኛው። በሬ የሌለው፥ እግሩም የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ ማረስ አይችልም፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። የመኪናው ባለቤት ሲጠየቅ ወረቀቱን አወጣ። የእኔን የእጅ ጽሑፍ።

እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ማጥናት ጀመርሁ። በሦስተኛ ዓመቴ ስለ ውልና ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኀላፊነት ስንማር የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገለጥሁ። ያነበብሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር የመጣሁት ያነበብሁትን ነው።

አገራችን ከአውቶሞቢል ጋራ የተዋወቀችው በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ መኪና ለትርኢት የሚወጡለት ነገር ነበር። ዛሬ ግን የጭነት መኪናው፥ አውቶቡሱና ባጃጁ እስከ ወረዳ ከተማ ድረስ ገብቷል፤ መንገዱን ግን ከእግረኛውና ከከብቱ ጋራ ይጋራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፥ ከእነዚህም ከእኩሌታ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፥ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች መሆናቸውን ይገልጣል። እንግዲህ መኪና የሌለው ሰው ነው በመኪና አብዝቶ የሚጎዳው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ዐውቆታል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በቁጥር 2081 ላይ የተጻፈው እንዲህ የሚል ትርጉም አለው፤ የመኪና ባለቤት የሆነ ሰው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ኀላፊ ነው፤ ከዚህ የሚያመልጠው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበር ሲያስረዳ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ «ጥፋት አልሠራሁም» ወይም «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ማለት እንደማያድነው ይናገራል። ኀላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት የተጎዳው ሰው ራሱ አጥፍቶ እንደ ሆነ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስተውሉ። አያ «ሾፌሩ አጥፍቷል» ብለው መከራከር አያስፈልጋቸውም ነበር። ሦስት ነገር ብቻ ማስረዳት ይበቃቸው ነበር፤ መኪናው የትኛው እንደ ሆነ፥ የጎዳቸው እሱ እንደ ሆነ፥ ጉዳታቸውም ምን ያህል እንደ ሆነ። ሾፌሩን ይቅር ማለታቸውም ምንም አያስቀርባቸውም ነበር። ይቅርታው ለሾፌሩ ነው፤ ካሣው የሚጠየቀው ከባለቤቱና ከኢንሹራንሱ ነው። እኛ ግን በዚያ ቀን ሁለቱን ነገር በአንድ ወረቀት ላይ አሰርናቸው። በቅኔ ቤት ቋንቋ ለመናገር፥ የወረቀቱ ሰም «ታርቀናል» የሚል ነበር፤ ወርቁ ግን «መብቴን ሸጫለሁ» ነው። እኔ ሰሙን ጻፍሁ፤ ወርቁን የሚያውቀው ያጻፈኝ ሰው ነበር።

ካሣው ምን ያህል ይሆን ነበር? ሕጉ በቁጥር 2091 ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋራ እኩል መሆን አለበት ይላል። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደ ፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም እንዲቈጠር ይፈቅዳል። በፍርድ ቤት የተለመደው አቈጣጠር የሐኪሞች ቦርድ የሰጠውን የአካል ጉዳት መጠን ከሰውየው ገቢና ሊሠራ ይችል ከነበረው ዘመን ጋራ ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በዓመት 60,000 ብር የሚያገባ፥ ሌላ 20 ዓመት ሊሠራ የሚችል ሰው 30 ከመቶ ጉዳት ደረሰበት እንበል። 60,000 በ30 ከመቶ 18,000 ነው፤ በ20 ዓመት 360,000 ብር ይሆናል። ዳኛው እንደ ነገሩ ሁኔታ ሊያሳንሰው ይችላል፤ የሕክምናው ወጪ ግን በዚህ ላይ ይታሰባል። ይህን ከ15,000 ብርና ከአንድ በግ ጋራ አስተያዩት።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን ሊፈርስ አልቻለም? ትሉኛላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3312 የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ የጸና ነው ይላል። በሰውየው ችግር ወይም የዋህነት ተጠቅመው ያደረጉትን ውል ለማስፈረስ መንገድ አለ፤ ነገር ግን ለዚያም ጊዜ ተወስኖለታል። የካሣውም ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገሩ በወንጀል የሚያስከስስ ሆኖ የወንጀሉ የይርጋ ዘመን የበለጠ እንደ ሆነ የሚሠራበት የረዘመው ነው። እኔ መጽሐፉን ስገልጥ ግን አምስተኛው ዓመት ገብቶ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኛ ግን ለቀማውም አልደረሰንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የገበሬ ልጅ ያልሆነ ጥቂት ነው። ነገ በየአገራችን አንድ ዘመድ ቢጎዳ የሚጠራው የተማረው ልጅ ነው። ስለዚህ ማድረግ የሚገባንን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ነፍስ ይቅደም። ስለ ሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተጎዳ ሰው በማናቸውም የሕክምና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ለዚህ የተመደበው እስከ 2,000 ብር ነበር። «ገንዘብ አልያዝንም» ብሎ ሰውን በመንገድ ላይ ማቈየት አይገባም። ለካሣውም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን የተከፈተው የሕክምና ካርድ ዋናው ምስክር ነው። ከሳምንት በኋላ ወጌሻ ሲያቅተው ሐኪም ቤት የሄደ ሰው «በዚያ አደጋ የተሰበርህ መሆንህን በምን እንወቅ?» ይባላል።

ሁለተኛ፥ የትራፊክ ፖሊስ ይጠራ። ሰውን ለማዳን ካልሆነ በቀር ፖሊስ መጥቶ የአደጋውን ንድፍ እስኪያነሣ ድረስ መኪናው ከቦታው አይነሣ። ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ስላለ የመንገዱ፥ የጎማው ፍሬንና የተጎዳው ሰው የወደቀበት ቦታ ፎቶግራፍ ይነሣ። የሰሌዳው ቁጥር ከነፊደሉ ይጻፍ። በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈው የመድን ምልክት ታይቶ የኢንሹራንሱ ድርጅት ስም ይመዝገብ።

ሦስተኛ፥ ገበያው ሳይበተን የምስክሮች ስምና ቀበሌ ይያዝ። በገበያ ቀን መቶ ሰው ያያል፤ በችሎት ቀን ግን አንድም ሰው ላይገኝ ይችላል። ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው እንደ ሆነ ነገሩ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በቁጥር 2084 ሕጉ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት ሆነዋል ብሎ ስለሚገምት ከዚህ የተለየ የሚል ሰው ማስረዳት አለበት።

አራተኛ፥ እያንዳንዱ ደረሰኝ ይቀመጥ። የመድኀኒቱ፥ የራጁ፥ የመኪና ኪራዩ፥ የአልጋው። ገበሬ ደሞዝ የለውምና ገቢውን የሚያስረዳለት የመሬቱ ደብተርና የጎረቤቶቹ ምስክርነት ነው፤ ስንት ጥማድ እንደሚያርስና ስንት ኩንታል እንደሚያስገባ በጊዜው ይጻፍ።

አምስተኛ፥ ሐኪም «ጉዳቱ እዚህ ላይ ቆሟል» ብሎ የመጨረሻውን ማስረጃ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ካሣ የሚናገር ወረቀት አይፈረም። በመካከሉ ባለመኪናው ለሕክምና ዕርዳታ ቢሰጥ ይወሰድ፤ ደረሰኙ ግን «ለሕክምና የተሰጠ፥ ከካሣው ላይ የሚታሰብ» ይበል። «ሙሉ»፥ «የመጨረሻ»፥ «ከእንግዲህ ወዲህ» የሚሉትን ቃላት ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ።

ስድስተኛ፥ መኪናው መትቶ ቢያመልጥ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ ተስፋ አይቈረጥ። አዋጁ ለእንዲህ ያለው ጉዳት የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱን ለመጠየቅም ግን የፖሊስ ማስረጃና የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አንደኛውና ሁለተኛው ምክሬ ለዚህም ይሠራሉ።

ሰባተኛ፥ የኢንሹራንሱ ወሰን የካሣው ወሰን አይደለም። በ2005 ዓ.ም. አዋጁ ሲወጣ መድኑ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብርም የማይበልጥ፥ ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለው ልክ ሊሻሻል የሚችል ስለ ሆነ አደጋው በደረሰ ጊዜ የሚሠራበትን ጠይቁ። ጉዳቱ ከዚያ በልጦ እንደ ሆነ ግን የተረፈው ከመኪናው ባለቤት ይጠየቃል።

ስምንተኛ፥ ቀን ይቈጠር። አደጋው የደረሰበት ቀን በቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ ክሱ ይቅረብ። ሾፌሩ በወንጀሉ ክስ ነፃ ቢወጣ እንኳ የካሣው ክስ አብሮ አይሞትም፤ ቁጥር 2149 ይህን ይናገራል። የዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰውም በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ እንደ ተጻፈው በደኻ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይችላል። የሕግ ትምህርት ክፍሎች የሚያቋቁሟቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫዎችም ለዚሁ የቆሙ ናቸው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እውነት ይነገር። እግሩ የተሰበረ ሰው ወገቡም ተሰበረ ብሎ ቢያመለክት ሐኪሙ ባገኘበት ቀን እውነተኛውም ነገር ይጠረጠርበታል። በመንገድ መካከል ጠጥቶ ሲወዛወዝ የተመታም ሰው የራሱ ጥፋት በካሣው ላይ እንደሚታሰብ ይወቅ። መብትን መጠበቅ ሌላ ነው፥ የሰው ገንዘብ መመኘት ሌላ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሐሳቤን ሲሰሙ «ሽምግልናን ልታፈርስ ነው ወይ?» ብለውኛል። አይደለም። ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ በዚያ ቀን የአያ ልጆችና የሾፌሩ ወንድሞች ምን ይሆኑ እንደ ነበር እኔ አውቃለሁ። ዕርቅ የደምን መንገድ ይዘጋል። እኔ የምለው ዕርቁ በሁለት ይከፈል ነው። ቂሙ ዛሬውኑ ይቅር፤ ካሣው ግን ቁስሉ እስኪድን ይቈይ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ቂም የለኝም፤ የካሣ መብቴ ግን እንደ ተጠበቀ ነው» ተብሎ ቢጻፍ ሽማግሌውም አይዋረድም፥ ሾፌሩም ሰላም ያድራል፥ የተጎዳውም ሰው መብቱን አያጣም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ እግራቸውን ካነሡበት ይቆሙ ነበር። ሕግን እንዲህ ያከበረ ሕዝብ ሕጉ ለእሱ የሚለውን ሳያውቅ መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር ልጠይቅ። ሕጉ ራሱ እንከን የለውም አልልም። የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ብዙ በሬ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ በግ አይገዛም። በብር የተጻፈ ወሰን ብሩ ሲረክስ አብሮ ይረክሳል። ይህን መመርመርና መጻፍ የእናንተም የእኛም ሥራ ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው ክረምት ሁላችንም ወደየአገራችን ስንሄድ እነዚህን ስምንት ነገሮች ባልተወሳሰበ አማርኛ በአንድ ገጽ አትመን እንውሰድ። በእድሩ ቤት፥ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፥ በመኪና መናኸሪያው ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለው እኛ እናንብብለት። ማባዣው መኪና አለን፤ ወረቀቱ ደግሞ ከአንድ ተማሪ የሻይ ገንዘብ አይበልጥም።

ልጨርስ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ደብረ ኤልያስ ስሄድ ያነበብሁትን ሁሉ ለአያ ነገርኋቸው። ከደጅ ባለው መደብ ላይ ተቀምጠው፥ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ሰሙኝ። «አያ፥ ያን ወረቀት እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ አንተ ያኔ ፊደል ነበር የምታውቀው፤ አሁን ግን ነገሩን ዐወቅህ» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «የማንንም እንዲህ እንዳትጽፍ» አሉኝ።

እኔም ለእናንተ የማስተላልፈው ይህንኑ ነው። በአገራችሁ የተጠራ የተማረ ልጅ ስትሆኑ፥ እስክሪብቶውን ከማንሣታችሁ በፊት ቁስሉ ድኖ እንደ ሆነ ጠይቁ።